በሲና በረሓ ከቤተ ሰብ ጋራ

የሲና ልሳነ ምድር በሱዌስና በአቃባ ባሕረ ሰላጤዎች መካከል የተዘረጋ፥ ስፋቱ 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የኾነ የግብጽ በረሓ ነው። ስሙን ከኦሪት የተማርን ኹሉ እናውቀዋለን፤ መንገዱን ግን የሚያውቁት በዚያ የሚኖሩት ቤዱዊኖች ናቸው።

እኔና ባለቤቴ ከ12 ዓመት ልጃችን ጋራ ከኑወይባ ተነሥተን ወደ ቅድስት ካትሪን ገዳም ስንጓዝ፥ አስፋልቱን ትተን በደረቁ የወንዝ መውረጃ ገባን። ጥቂት እንደ ሔድን አውቶሞቢላችን በአሸዋ ተያዘ። ሾፌሩ ሞተሩን አብዝቶ ቢያስጮኸው መንኰራኵሩ ይብስ ጠለቀ። ውሃችን የተመጠነ ነበርና ልጁ ፈርቶ የእናቱን እጅ ያዘ። መሪያችን የነበሩት ቤዱዊን ሽማግሌ ግን ሞተሩን አስጠፍተው ከየጎማው ንፋስ አስቀነሱ፤ ጎማ ሲለሰልስ መሬት የሚረግጥበት ስፋት ይጨምራልና አሸዋው ይሸከመዋል። ከመንኰራኵሩ ፊት ያለውን አሸዋ በእጃችን ጠርገን ቀስ ተብሎ ቢነዳ ወጣ።

ከዚያም ዓይን ኹድራ ከሚባለው የተምር ጥላ ደረስን፤ በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈው ሐጼሮት ይህ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እዚያ ስናርፍ ልጄ ውሃውን ከራሱ አስቀድሞ ለሽማግሌው አቀረበላቸው። ማንም ሳያዝዘው ስላደረገው እጅግ ደስ አለኝ።

ገዳሙ በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዩስጢንያኖስ ትእዛዝ እንደ ተሠራ፥ የሲና ተራራም 2,285 ሜትር ከፍታ እንዳለው ከመጽሐፍ ማስተማር ይቻላል። ውሃን መጥኖ መጠጣት፥ በችግር ጊዜ አለመቸኰል፥ አገሩን የሚያውቀውን ሰው ማክበር ግን በቃል ብቻ አይጠናም። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ሲቻላችኹ ልጆቻችኹን ይዛችኹ ተጓዙ።