ለይርጋጨፌው ሙሽራ ምን ዓይነት ምላጭ?

ከዲላ ተነስታችሁ የሞያሌን አስፋልት ተከትላችሁ ወደ ደቡብ ስትጓዙ፣ ወናጎን አልፋችሁ ብዙም ሳትቆዩ ይርጋጨፌ ትደርሳላችሁ። ከአዲስ አበባ ሲቆጠር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። ግራና ቀኙን ስትመለከቱ እርሻ ሳይሆን ደን ያያችሁ ይመስላችኋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራው፣ ከሥራቸው ቡናው፣ በየመካከሉ እንሰቱ፤ ቤቶቹም ከእንሰቱ ቅጠል ጀርባ ተሸሽገዋል። ደን የሚመስለው ይህ ሁሉ ግን የሰው እጅ የተከለውና የሚንከባከበው የቤተሰብ ማሳ ነው። የጌዴኦ ባሕላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ካበቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ወደዚያ የምንወስዳችሁ ቅርስ ልታዩ ሳይሆን ለሰርግ ነው እንበል። የቡና ለቀማው በጥቅምት ይጀምርና ታኅሣሥን ይዞ ይዘልቃል። ቡናውን የሸጠ ገበሬ እጁ ላይ ደህና ገንዘብ የሚያየው በዚያን ሰሞን ነው። ከዚያ ጥር ይገባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ዘመድ ይጠራል። እናንተም የጥሪ ወረቀቱ ደርሷችሁ "ምን ይዘን እንሂድ?" ማለታችሁ አይቀርም።

አብዛኛውን ጊዜ የምንይዘው የሚታወቅ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ የብርጭቆ ስብስብ፣ ድስት። ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የቤት ዕቃ ነው። ለሙሽራው ለራሱ፣ በየማለዳው በእጁ የሚይዘው ነገር እምብዛም አይታሰብም። ለዚህም ይመስላል በቅርብ ጊዜ አንዳንድ እህቶች ለእጮኛቸው ወይም ለባላቸው በሣጥን የተዘጋጀ የጢም መላጫ ስጦታ መግዛት የጀመሩት። በሣጥኑ ውስጥ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ ምላጭ፣ ብሩሽ፣ የሳሙና ጎድጓዳ ሳሕን፣ አንዳንዴም ከቆዳ የተሠራ ጠፍር ይገኛል። ሲያዩት ያምራል። ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ ፈርዖን ፊት ከመቅረቡ በፊት ጢሙን ተላጭቶ ልብሱን መለወጡን ዘፍጥረት ላይ ያነበበ ሰው፣ ንጹሕ ፊት ለትልቅ ቀን የሚደረግ ዝግጅት መሆኑን ያውቃል። ችግሩ ሣጥኑ ያማረ መሆኑና ምላጩ ለተቀባዩ የሚሆን መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

እንደ ሰንጢ የሚታጠፉት ምላጮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አንደኛው ስለቱ ራሱ ብረቱ የሆነና እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ነው። ሁለተኛው መያዣ ብቻ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ምላጭ ይገባበታል። ገዢው ይህን ልዩነት ሳይጠይቅ ከገዛ ዕድሉ ላይ ተማምኖ ነው የገዛው።

መጀመሪያ ስለ አንደኛው። በዚህ ዓይነቱ ምላጭ ስማቸው የገነነ ሁለት ከተሞች አሉ፤ የእንግሊዟ ሼፊልድና የጀርመኗ ዞሊንገን። ለይርጋጨፌ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። "ይርጋጨፌ" የሚለው ስም በቡና ከረጢት ላይ ሲታተም ዋጋ እንደሚጨምር ሁሉ "ዞሊንገን" የሚለውም በምላጭ ላይ ሲቀረጽ ዋጋ ይጨምራል። ስም ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ ስሙን ያለ አግባብ የሚጠቀም አይጠፋም። ጀርመኖች የዞሊንገንን ስም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ አስጠብቀውታል። እኛም የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች ለማስጠበቅ ብዙ ከተሟገትን በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ስለዚህ ስሙ ተቀርጾበት በጣም ርካሽ የሆነ ምላጭ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ምላጩ እውነተኛ ቢሆንስ? ያን ጊዜም ሥራው ገና ነው። እንዲህ ያለው ምላጭ በእያንዳንዱ መላጨት ፊት በጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ መታሸት አለበት፤ በየጥቂት ወሩም በጣም ለስላሳ በሆነ የመሳያ ድንጋይ ላይ ይሳላል። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት ለመላጨት የሚበቃ ስለት የሌለው ብዙ ነው። የይርጋጨፌ ገበሬ ገጀራውን መሳል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ "ይኼማ ምን ይከብዳል" ብሎ ያንኑ ሞረድ ቢያነሣ ምላጩ በአንድ ቀን አለቀለት ማለት ነው። ገጀራ የሚፈልገው ስለትና ምላጭ የሚፈልገው ስለት አይገናኙም። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። ጌዴኦ በበልግም በመኸርም ዝናብ የሚያገኝ፣ ብዙውን ጊዜ እርጥበት የማይለየው አገር ነው። ዝገትን የማይቋቋም ብረት ተጠርጎና ዘይት ተቀብቶ ካልተቀመጠ ስለቱን ዝገት ይበላዋል። ለዚህ ሁሉ ፍላጎት ያለው፣ ራሱ የጠየቀ ሰው ካልሆነ በቀር ለጀማሪ አንመክረውም። የጠየቀ ከሆነ ግን የማይዝግ ብረት፣ ወርዱ 5/8 ኢንች የሆነ፣ ጫፉም ሹል ሳይሆን ክብ የሆነውን ምረጡለት። ጠፍሩን አትርሱ፤ "ተስሎ ለመላጨት የተዘጋጀ ነው ወይ?" ብላችሁም ጠይቁ።

ሁለተኛውን ዓይነት በየፀጉር ቤቱ አይታችሁታል። አስተካካዩ ከወረቀቱ ሳያወጣ ለሁለት የሚሰብረውን ምላጭ አስታውሱ። ያ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የዚያው ዝርያ ነው፤ በየሱቁ በቀላሉ ይገኛል። ግማሹ በሚታጠፈው መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ሲደንዝ ይጣላል። መሳል የለ፣ ጠፍር የለ። እውነቱን ለመናገር ይህኛውም ጥፋትን አያልፍም። ስለቱ ስስና ብርቱ ስለሆነ እጁ የተቻኮለ ሰው ቶሎ ይቆረጣል። ቢሆንም ይርጋጨፌ ላይ ሆኖ ነገ የሚፈልገውን ነገር በቅርቡ ሱቅ ማግኘቱ ለሙሽራው ከማንኛውም የዞሊንገን ብረት ይበልጥበታል። የእኛ ምርጫ ይህ ነው። መያዣውን ስትመርጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ምላጩን ሳያነቃንቅ አጥብቆ የሚይዝ ይሁን። ምላጩ የሚወዛወዝበትን ርካሽ መያዣ ግን እንኳን ለሙሽራ ለማንም አትስጡ።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ኤችአይቪ በስለታም ነገር ሊተላለፍ እንደሚችል ለዓመታት ስንማር ስለኖርን ፀጉር ቤት ገብተን "አዲስ ምላጭ ክፈትልኝ" ማለቱ ለብዙዎቻችን ልማድ ሆኗል። ቤት ውስጥ ስንሆን ግን ጥንቃቄው ይላላል። ወንድም ከወንድም፣ እንግዳም ከቤቱ ጌታ ምላጭ ይዋዋሳል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ሳይቀር ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዓይን የማይታይ ጭረት ይበቃዋል። ስለዚህ ይህን ስጦታ ስትሰጡ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን አብራችሁ ንገሩ። "ወንድሜን እንዴት እከለክለዋለሁ?" የሚል ካለ፣ ሁለት ፓኬት ትርፍ ምላጭ በሣጥኑ ውስጥ ጨምሩለት፤ ወንድሙም ፊቱን ለጋራ ምላጭ አያውልም። በበኩላችን መያዣውንም ባያውስ እንመርጣለን።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የሰውየውን አንገት ተመልከቱ። ቀልድ አይደለም። ከርዳዳ ጢም ያለው ሰው ከሥሩ አስጠግቶ ሲላጭ ጢሙ ሲያድግ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ይጠቁራል። ከአገጩ በታችና አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት በተደጋጋሚ የሚታይበት ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ምላጭ አትግዙለት። ጢሙን ጥቂት አስረዝሞ የሚያስቀር ቶንዶስ ይሻለዋል። ሚስት ይህን ከማንም በፊት ታያለች፤ እጮኛም ብትሆን ሳትጠይቀው ልታውቅ ትችላለች። እብጠት ለሌለበትም ቢሆን ምክሩ አንድ ነው፤ ጢሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒው አይላጭ፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ አይፋቅ፤ ምላጩንም ከፊቱ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሳይጫን ይሳበው። ሌላው እጁ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ይያዝ።

የቀረውን የሣጥኑን ዕቃ በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሳሙናው ሽታው የበረታ ባይሆን ይመረጣል። ብሩሾች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከአሳማ ፀጉር ነው፤ ይህ የሚከብደው ቤተሰብ ስላለ ሰው ሠራሹን ያዙ፤ እሱም ደግሞ በእርጥብ አገር ቶሎ ይደርቃል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሙቅ ውሃ ነው። ይርጋጨፌ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የጠነከረ ጢም ምላጩን ይታገለዋል። ለቡናው ውሃ ሲጣድ ትንሽ ተጨምሮ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ደቂቃ ፊት ላይ ማሳረፍ ነው። አረፋውን የምትመታው ሚስት ብትሆን የሚከለክል የለም!

መቼ ይሰጥ? በሰርጉ ቀን አይሁን። በሰርጉ ማለዳ የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገ ሙሽራ በፎቶግራፉ ሁሉ ላይ አገጩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይዞ ይታያል። የሚቻል ከሆነ ከመስቀል በኋላ፣ ለቀማው ሥራ ሳይበዛበት አድርሱለት፤ ሦስት ወር ያህል ይለማመድበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉንጩን ብቻ ይሞክር፤ አገጩንና የላይኛውን ከንፈር በለመደው መላጫ ይጨርስ። ሲለማመድም ቅዳሜ ቀን በመስኮት ብርሃን እንጂ እሑድ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት እየተጣደፈ አይሁን። ለሰርጉ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ይላጨው፤ ክብሩም ደስታውም አይቀርበትም። ሰርጉ ከደረሰና ጊዜው ካለፈባችሁ ደግሞ ሣጥኑን ከጫጉላው በኋላ ስጡት።

አንድ ነገር ከሱቁ አታገኙትም፤ ራሳችሁ ጨምሩት። ባዶ የቡና ወይም የወተት ቆርቆሮ ክዳኑን በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ በሣጥኑ ውስጥ አኑሩ። በጌዴኦ የቤት ጥራጊና የከብት ፍግ የሚደፋው ከጓሮው እንሰት ሥር ነው፤ እንሰቱ ከሚበላው ምግብ አንዱ እርሱ ነው። ከጥራጊው ጋር የተጣለ ምላጭም እዚያው ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሙሽራይቱ በእጇ አፈር ትነካለች፤ ነገ የሚወለዱት ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ያለቀው ምላጭ በስንጥቁ ይግባ፤ ቆርቆሮው ሲሞላ ክዳኑ ተጠቅጥቆ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል። አንድ ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት ይበቃል።