ድርሰት ሲቀድም

ራልፍ ኤሊሰን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በምድር ቤት ተሰውሮ የሚኖረው ስመ ኅቡእ ጥቁር ሰው ክፍሉን በ1,369 አምፖል ሲያበራ በዓይነ ኅሊናው የተመለከተው የደራሲው ወዳጅ ጎርደን ፓርክስ፣ በዚያው ዓመት በሐርለም ከጎዳና ጉድጓድ ብቅ የሚልን ሰው ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ካናዳዊው ጄፍ ዎል ያንኑ ክፍል ከነአምፖሎቹ አሠርቶ (ትዕግሥቱ የመናኝ ነው!) በካሜራ ቀረጸው።

እኔም ይህን ፈለግ ተከትዬ፣ ካሜራ ከማንሣቴ አስቀድሞ አጭር ድርሰት እጽፋለሁ፤ ስለ ጧፍ ሻጭ ሴት ስጽፍ «ጣቶቿ ሰም የጠገቡ» ብዬ ነበርና፣ ከደጀ ሰላሙ ስደርስ ዓይኔ ፊትን ትቶ እጅን ፈለገ። የጻፍሁትን ባላገኝም አይከፋኝም፤ ያን ዕለት ሴትዮዋ ጓንት አጥልቀው ስላገኘኋቸው፣ አስፈቅጄ ጓንቱን ፎቶ አነሣሁት።