ጠቦቱን አትሽጡት

ክረምት ገባ፤ የፊርማ ወሬም አብሮ ገባ። እዚህ መንዝ ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አልነሳ ብሏል፤ ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ስልክ ላይ የሚነበበው ሁሉ «እገሌ ለእገሌ ፈረመ» ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኢትዮጵያ ቡና ነው፤ በሚመጣው ዓመት ቡድኑ እንዴት ቢሠራ ይሻላል የሚለው። ጊዮርጊስ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ (ብዙ ናችሁ፤ ይህን እኔ አላስተማርኳችሁም) አንብባችሁ ብትስቁ አልቀየምም።

በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ ይጻፋል ወይ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አገሩ ያለበትን እኔም እዚሁ ሆኜ አየዋለሁ። ግን ኳስ ሰው በሰላም ውሎ ሲገባ የሚያወራው ወሬ ነው፤ እሱን ማውራት ራሱ ናፍቆኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቡና ሊጉን ያነሳው አንድ ጊዜ ነው፤ በ2003 ዓ.ም.፣ በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት። ይኸው 2017 አለቀ። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። በየክረምቱ «ዘንድሮ ቡድኑን እንደ አዲስ እንገነባለን» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ችግሩ ያ «እንደ አዲስ» የሚባለው ነገር ይመስለኛል።

የእኛ አገር ውል እንደምታውቁት የአንድ ዓመት ነው፣ ቢበዛ የሁለት። ውሉ ሲያልቅ ልጁ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፤ የሚወስደው ክለብ ለልጁ ይከፍላል እንጂ ላሳደገው ክለብ ቤሳ አይደርሰውም። ስለዚህ ማንም ልጅ ማሳደግ አያዋጣውም፤ ያደገ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። ሐምሌና ነሐሴ ሁሉም የሁሉንም ልጆች ይቀያየራል፤ መስከረም ላይ ማሊያው ብቻ የራሱ የሆነ ቡድን ይዞ ይወጣል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ «ቅንጅት ይጎድለናል» ነው። እንዴት አይጎድል! ልጆቹ ገና ስማቸውን እየተጠናኑ ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ የአገሬ በግ ነው። የመንዝ ገበሬ ድሮ ምን ያደርግ ነበር? ቶሎ የደረሰውን፣ ወገቡ የሰፋውን ጠቦት መጀመሪያ ገበያ ያወጣዋል፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ቤት የሚቀረው ገዢ ያጣው ኮሳሳ ነው። በኋላ በጎቹን የሚያጠቃቸው ያው ኮሳሳ ይሆናል (አጥቂ የሚለው ቃል ለሁለቱም ቤት ማገልገሉን ልብ በሉልኝ)። እንዲህ እየተባለ ዘሩ በየዓመቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገበሬው ግን በየዓመቱ ጥሩ የሸጠ ይመስለዋል።

ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በመሐል ሜዳና በሞላሌ በኩል የጀመረው የበግ ማሻሻያ ሥራ ይህንን ነው የገለበጠው። ውድ ማሽን አልመጣም፣ የፈረንጅ በግ አልመጣም። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ምርጡን ይለያሉ። የተለየው አውራ ተሎ አይሸጥም፤ በጋራ ተይዞ ያገለግላል። ገበያ የሚወጣው የተረፈው ነው። በቃ ይኼው ነው።

ቡና አንድ ጊዜ ወደዚህ ተጠግቶ ነበር። ካሳዬ አራጌ፣ የራሱ የክለቡ ኮከብ የነበረው፣ በ2012 ከአሜሪካ መጥቶ ቡድኑን ያዘ። ኳስ ከበረኛ እየጀመረ፣ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ቡድን ሠራ። አንዳንዴ እንደዚያ ሲጫወቱ ኳሱን የራሳቸው ሳጥን ውስጥ ያስነጥቁና ልባችንን ያወልቁት ነበር፤ ያም ሆኖ ያ ቡድን መልክ ነበረው። ማሊያውን ቀይራችሁ ብታሰልፉት እንኳ ቡና መሆኑን ታውቁት ነበር። በ2013 አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ፤ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር ሄደ፣ ፋሲል ከነማ ወሰደው። ከዓመት በኋላ አቡበከር ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፣ ካሳዬም ለቀቀ።

የአቡበከር መሄድ አይቆጨኝም። እሱ በወጉ ነው የተሸጠው፤ ልጁም የሚገባው ደረጃ ነበር፣ ጉዳት ባያሰቃየው ኖሮ። የሚቆጨኝ ከእሱ በኋላ የሆነው ነው። በዙሪያው የነበሩት አንድ በአንድ ተበተኑ፤ አጨዋወቱም አብሮ ተበተነ። 29 ጎል ገበያ ላይ አይገኝም። ቡድን ግን ያለ ባለ 29 ጎል ሰውም ቡድን ሊሆን ይችል ነበር።

«በአንድ ክረምት ተገንብቶ ዋንጫ የወሰደ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ገና ከታች እንደመጣ በገብረመድኅን ኃይሌ አሰልጣኝነት ሻምፒዮን ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በ2014 ወረደ። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ወረደ። ንግድ ባንክ በ2016 እንዳደገ ወስዷል፤ የባንኩን ኪስ ግን ቡና የለውም። እኔን የሳበኝ የ2017ቱ ኢትዮጵያ መድን ነው። ያው ገብረመድኅን ነው፤ ግን አሁን እዚያው ክለብ ዓመታት ቆይቶ፣ ቡድኑን እያወቀው ነው ዋንጫውን ያነሳው። በሦስት ክለብ ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንኳ ጊዜ ሲሰጠው ይሻለዋል።

ደግሞ ገንዘብ የሚባለው ነገር እንደ ድሮው አይደለም። በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ብሎ ነበር፤ በጠረጴዛ ስር ምን ምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ቡና እንደ ብዙዎቹ ክለቦች ከከተማ አስተዳደር በጀት የሚቆረጥለት አይደለም። ደጋፊው ነው፣ ስፖንሰር ነው፣ የቤተሰብ ሩጫው ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለሚካሄድ የሜዳ ገቢው እንደ ድሮው አይደለም። በጨረታ ማሸነፍ የማይችል ሰው ያለውን አጥብቆ መያዝ አለበት።

እንግዲህ እኔ የቡድን መሪ ብሆን (አልሆንም፣ ባለቤቴም አትፈቅድም) መጀመሪያ የማደርገው ማንንም አለማስፈረም ነው። ቁጭ ብዬ ካሉት ውስጥ ስድስት ልጅ እመርጣለሁ፦ አንድ መሐል ተከላካይ፣ አንድ የመስመር ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አንድ አጥቂ። ለእነዚህ የሦስት ዓመት ውል። ዕድሜያቸው ከ23 ያልበለጠ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን አንዱ እንደ አማኑኤል ዮሐንስ ዓይነት፣ በክለቡ የቆየና ለልጆቹ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው» የሚል ሰው ይሁን። ገንዘቡ እነሱ ላይ ይለቅ። ውላቸው ረጅም ከሆነ የሚፈልጋቸው ክለብ ዋጋ ይከፍላል፤ በነፃ አይወጡም።

ከውጭ የማመጣው ሦስት ሰው ብቻ ነው። አንዱ በረኛ። በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቻለሁ። ጊዮርጊስ በዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ፣ ኋላም በቻርልስ ሉክዋጎ፤ ፋሲል በ2013 በማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ዋንጫ ወሰዱ። ስለዚህ የውጭ በረኛ አምጣ ይሉኛል። እሺ ይምጣ፣ ለሁለት ዓመት። ግን ከኋላው የ18 ዓመት ልጅ ይቀመጥ፤ በኢትዮጵያ ዋንጫ የሚገባውም ያ ልጅ ይሁን። ሁለተኛው በጭንቅላት ኳስ የሚያሸንፍ መሐል ተከላካይ ነው፤ ከማዕዘን ምት የሚገባብን ጎል አሰልችቶኛል። ሦስተኛው ክንፍ ላይ የሚሮጥ ልጅ። አጥቂ አልገዛም። ጎሉ ለሦስት ለአራት ሰው ይከፋፈል።

የቀሩት ከተስፋ ቡድኑና ከገጠር ይምጡ። ከገጠር ስል ቀልዴን አይደለም። ከግሼ፣ ከራቤል በኩል የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። በግራ እግሩ ኳስ ሲያቆም እኛ መምህራኑ ፈተና ማረም ትተን እንወጣ ነበር። ሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ውድድር ተጫወተ፤ አንድም መልማይ ዓይቶት አያውቅም። ወደ ደጋው የሚመጣ መልማይ ሯጭ ነው የሚፈልገው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ኳስ ተጫዋች የሚኖር አይመስለውም። ልጁ አሁን ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል፤ ይህንን ጽሑፍም ያነበዋል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለእሱ ጊዜው አልፏል። ግን ታናሽ ወንድሙ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ እሱም ግራኝ ነው።

ስለዚህ የቡና ሰዎች ይህ ከደረሳቸው፦ መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲቆም፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ በጣርማ በር በኩል አንድ ሰው ላኩ። ማደሪያና ጠላ በእኔ ነው። ብርድ ልብስ ይዞ ይምጣ።

እናንተስ? ከአሁኑ ቡድን የምታስቀሯቸውን ስድስት ስም ጻፉልኝ። ሰባተኛ ስም የጻፈ ማርክ ይቀነስበታል።