የጋሼ ድምፅ

ግራ ዘመም የሆነ የፓርቲ መሪ ከወዳጆቹ ክበብ ወጥቶ ሰፊውን መራጭ ሊያሳምን ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ጥያቄ ለኛ የሻይ ቤት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሁለት ምርጫ ሙሉ የሰው በር ያንኳኳንበት፣ በኋላም ከገዛ ቤተሰባችን የተኳረፍንበት ጉዳይ ነው። ግለ ሂስ ይሁን ብሶት አንባቢ ይፍረድ።

ሰውዬውን የምናውቀው ፓርቲ ከመምራቱ በፊት ነው። ጀረሚ ኮርቢን ከ1983 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ እንቆጥራለን) ሰሜን ለንደን ውስጥ ኢዝሊንግተን ኖርዝ የሚባለው የኛ ሰፈር እንደራሴ ነው። በ1984 በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት አፓርታይድን ሲቃወም ፖሊስ ይዞ ሲወስደው የተነሣው ፎቶግራፍ ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ ነበር። ሐበሻው ደግሞ ሌላ ውለታውን ያስታውሳል። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በ2014 የመን ውስጥ ተይዘው ለኢትዮጵያ መንግሥት ሲሰጡ፣ ይፈቱ ብለው በፓርላማ ከተሟገቱት አንዱ እሱ ነበር። ስለዚህ ቡና ላይ ስሙ ከተነሣ «የኛ ሰው» ነው የሚባለው።

በ2015 ለሌበር ፓርቲ መሪነት ሲወዳደር ለመቅረብ የሚያስፈልገውን የ35 እንደራሴዎች ድጋፍ ያሟላው ሰዓቱ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ከፈረሙለትም አንዳንዶቹ ክርክሩ ይሙቅ ብለው እንጂ ያሸንፋል ብለው አልነበረም። 59.5 በመቶ አግኝቶ አረፈው። 3 ፓውንድ የከፈለ ሁሉ እንደ ደጋፊ ተመዝግቦ መምረጥ ይችል ስለነበር እኛም 3 ፓውንዳችንን ከፍለናል። ያኔ የምሳችን ዋጋ ነበረች።

በ2017 ቴሬዛ ሜይ ድንገት ምርጫ ስትጠራ የአስተያየት መለኪያዎቹ እስከ 20 ነጥብ ያስቀድሟት ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ሙሾ ያወርድልን ጀመር። ማኒፌስቶው ወጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይቅር፣ ባቡሩና ውሃው ወደ ሕዝብ ይመለስ፣ በዓመት ከ80,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ግብር ይጨምር። ያኔ ባመት 9,250 ፓውንድ ዕዳ ይቆጠርበት የነበረ ተማሪ ይህን ለመረዳት ማርክስን ማገላበጥ አያስፈልገውም ነበር። ውጤቱ ሲነገር ሌበር 40 በመቶ፣ 262 መቀመጫ። ሜይ አብላጫዋን አጣች። ከዚያ ሌሊት በኋላ እኛን የሚያክል አልነበረም! ያሸነፍን መሰለን እኮ። የኛ 12.9 ሚሊዮን ድምፅ ነበር፣ የሷ ግን 13.6 ሚሊዮን።

እዚህ ላይ ጋሼን እናስተዋውቅ። ጋሼ ከመካከላችን ያንዷ አባት ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ እንደኛው ግራ ነበሩ፤ እንዲያውም ከኛ የባሱ። በስቴንስል አባዝተዋል፣ ሌሊት ወረቀት በትነዋል፣ ታስረዋል። በሱዳን ወጥተው ለንደን ላይ አውቶቡስ ነድተው ልጆች አሳደጉ። በ2017 «እንደራሴያችን ነው፤ መቼስ ጠቅላይ ሚኒስትር አይሆን» ብለው ድምፃቸውን በግልጽ ለሰውዬው ሰጡ። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

በ2019 መጨረሻ ሌላ ምርጫ መጣ። ጋሼ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ አዲሱን ማኒፌስቶ ባማርኛ እንተርጉምላቸው ብለን ተነሣን። ነገር የተበላሸው ባንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ባቡሩን፣ ፖስታውን፣ ውሃውን፣ መብራቱን ወደ ሕዝብ ይዞታ ስለመመለስ ያትታል። እኛ በችኮላ «መንግሥት ይወርሳል» አልን። ጋሼ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱት።

«ይወርሳል?»

«በካሣ ነው እንጂ ጋሼ። እንደ ደርግ አይደለም።»

«በ67 ትርፍ ቤት ሲወረስ እኔ አጨብጭቤያለሁ» አሉ (ጋሼ የሚቆጥሩት በኛው ነው፤ 1975 ማለታቸው ነው)። «እናቴ ጠላ ሸጣ የሠራቻቸውን ሁለት ክፍሎች ስታስረክብ፣ እቤት ገብቼ ‹እማዬ፣ ለሰፊው ሕዝብ እኮ ነው› አልኳት። ‹እኔስ ማን ነኝ?› አለችኝ።»

ለዚህች ጥያቄ መልስ ሳንሰጥ ነው ሁለተኛውን ጠጥተን ሦስተኛውን ሳንጠብቅ የወጣነው። እንግሊዝ ባቡሩን መንግሥት ቢይዘው የማንም እናት ክፍል አይወሰድም። ይህን ዛሬም እናምናለን፤ ጋሼም የሚያውቁት ይመስለናል። ግን ሰው ወደ ምርጫ የሚሄደው ከነትዝታው ነው። እኛ የጋሼን ትዝታ መንገድ ላይ «የንቃተ ኅሊና መላሸቅ» ብለን ሰይመነው ተሳሳቅን። ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

በማግሥቱ ሳምንት ባውቶቡስ ቦልሶቨር ሄድን። ደርቢሺር ውስጥ ያለ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል አገር ነው። ራሱ ከሰል ቆፋሪ የነበረው ዴኒስ ስኪነር ከ1970 ጀምሮ በየምርጫው ያሸነፈበት። እዚህማ ማስተማር አያስፈልግም ብለን ነበር፤ ወዛደር ነዋ! አንድ ሽማግሌ በር ከፈተልን። የ1984ቱን የማዕድን ሠራተኞች አድማ እኛ በመጽሐፍ እናውቀዋለን፣ እሱ ተርቦበታል። በትዕግሥት ሰማን። ባቡሩ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ ውሃው ላይም ነቀነቀ። እስከ 2030 ለሁሉም ነጻ ኢንተርኔት ይገባል ስንለው ቆም አለ።

«ኢንተርኔት ማን ጠየቃችሁ? እዚህ ሰፈር እኮ ከአመሻሽ በኋላ አውቶቡስ የለም።»

ማርም ሲበዛ ይመራል። በ2017 የቸገረንን የቆጠረልን ወረቀት፣ በ2019 የገበያ ጩኸት ሆኖ ተሰማ። እኛ ደግሞ ሰውዬው በተጠራጠረ ቁጥር ሌላ ስጦታ እንጨምርለታለን። አንድ ጊዜ እንኳ «ታዲያ ያንተ ሰፈር ምን ይሻላል?» አላልነውም። መጨረሻ ላይ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣቱ ጠየቀ። እሱ በ2016 እንውጣ ብሎ መርጧል። ፓርቲያችን አዲስ ስምምነት አምጥቶ እንደገና ሕዝበ ውሳኔ ሊጠራ ነው፤ መሪው ግን ገለልተኛ ሆኖ ይቆያል ብለን አስረዳነው።

«መሪው ገለልተኛ ከሆነ እኔ ምን ልሁን?» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያንገጫግጨው ይሻለን ነበር።

ሌላም ያልሰማነው ነገር አለ። የፓርቲው የአይሁድ አባላት በደል ደርሶብናል እያሉ ሲጮኹ እኛ «የጋዜጦች ወሬ ነው» እያልን አለፍን። በ2020 የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ፓርቲው ሕግ መተላለፉን ይፋ አደረገ። ለሩቁ ጭቁን የሚቆረቆር ጆሮ የጎረቤቱን አቤቱታ ሳይሰማ ሲቀር፣ መራጭ ይህንንም ያያል።

ዲሴምበር 12 ቀን 2019 ዝናብ ነበር። በዚህ አገር መራጭ የሚሰጠው አንድ ወረቀት ነው፤ ለሰፈርህ እንደራሴ የምታደርጋት ምልክት በዚያው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሾማለች። ለሌላው ሰው ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በኛ ሰፈር ግን አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ልጃቸው «አባዬ፣ ለማን ሰጠህ?» አለቻቸው። «ድምፅ ምስጢር ነው» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ሌሊቱን ሌበር 202 መቀመጫ ይዞ ቀረ፤ ከ1935 ወዲህ ዝቅተኛው። ስኪነርም ወደቀ። በኛ ሰፈር ኮርቢን አሸነፈ፣ ግን በ2017 ያገኘው 40,086 ድምፅ ወደ 34,603 ወርዷል። ልዩነቱ 5,483 ነው። ከነዚያ አንዱ ጋሼ ይሆኑ? ልጃቸው የፈረንጅ ገና እስኪያልፍ አላናገረቻቸውም።

ከመካከላችን አንድ ጓደኛችን እስከ ዛሬ በቁጥር ይጽናናል። በጁላይ 2024 ኪር ስታርመር 411 መቀመጫ ያገኘው በ33.7 በመቶ፣ በ9.7 ሚሊዮን ድምፅ ነው፤ ኮርቢን በተሸነፈበት በ2019 እንኳ 10.3 ሚሊዮን አግኝቷል ይለናል። ሐሰት የለበትም። ብቻ የሚረሳው አለ። ሰውዬው የሚወዱትን እንዳስወጣ ሁሉ የሚፈሩትንም ከየቤታቸው አስወጥቷል፤ ስታርመርን ያን ያህል የፈራ አልነበረም፣ የቀኙም ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ታዲያ አይቻልም ማለታችን ነው? አይደለም። በሰባት ሳምንት ውስጥ ያን ሁሉ ርቀት የጠበበበትን 2017 በዓይናችን አይተናል። የብራዚሉ ሉላም ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በ2002 በ61 በመቶ አሸንፏል፤ ግን አስቀድሞ ለሚፈሩት ሰዎች በደብዳቤ ውል አከብራለሁ ብሎ፣ የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካውን ጆዜ አሌንካርን ምክትሉ አድርጎ ነው የቀረበው። እኛ ይህን በ2019 ብንሰማ «አድርባይ!» ነበር የምንለው።

በዚያው በጁላይ 2024 ፓርቲው በስሙ እንዳይወዳደር ስለከለከለው ኮርቢን በግሉ ቀርቦ በ24,120 ድምፅ አሸነፈ። ጋሼ ያን ቀን ከምርጫ ጣቢያው ሲወጡ ማንም ሳይጠይቃቸው «ለሰውዬው ነው የሰጠሁት» አሉ።

«ዛሬስ ምነው ምስጢር አልሆነ?» አለች ልጃቸው።

«ዛሬማ እንደራሴያችን ብቻ ነው» ብለው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ቀደሙን።