እንደ ማሲንቆ የሚያለቅሰውን ጊታር ስንሸጥ

ለራሳችሁ እንዲመች አድርጋችሁ የለወጣችሁት ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ አለ? የተቀጠለ ቁም ሳጥን፣ ሞተሩ የተቀየረ መኪና ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ከአዲሱ ይበልጣል። የሚሸጥበት ቀን ሲመጣ ግን ገዢው አንዴ ያገላብጠውና «ይሄ ተነካክቷል» ይላችኋል። እኔ ዘንድሮ እዚህ ደብረ ማርቆስ የሸጥኩት የኤሌክትሪክ ጊታር እንደዚያ ያለ ዕቃ ነበር።

ለመሸጥ ያነሳሳን የልጃችን ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጓደኞቿን ላፕቶፕ እየተዋሰች ነበር የምትሠራው። ባለቤቴ አንድ ምሽት «አንተ፣ ጊታሩን ካነሳኸው ስንት ጊዜህ ነው?» አለችኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ነገሩን ከባድ ያደረገው ሌላ ነው። ጊታሩ የተነካካው በእሷው ምክንያት ነበር። አባቷ ነፍሳቸውን ይማርና ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ፤ እኔም ያንን ድምፅ ከጊታር ላይ ለማውጣት ስል ነው እንጨቱን ያስፈለፈልኩት። እስከ ዛሬም ደግ አደረግሁ እላለሁ።

እንዴት ሆኖ ጊታር ማሲንቆ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ተራው የኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ማግኔትና በላዩ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለው፤ ፒክአፕ የሚባለው እሱ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የስድስቱም ክር ድምፅ ተደባልቆ በአንድ ኬብል ይወጣል። የእኔው ላይ የተጨመረው የሲንተሳይዘር ፒክአፕ ግን ለእያንዳንዱ ክር ለብቻው ጆሮ አለው ማለት ይቻላል። ስድስቱ ድምፆች ሳይቀላቀሉ፣ 13 እግር ባለው ወፍራም ኬብል ወደ አንድ ሳጥን ይገባሉ። ሳጥኑ የትኛው ክር የትኛውን ኖታ እንደሚጫወት ይለይና በዚያው ኖታ ዋሽንት፣ ኦርጋን፣ ቫዮሊን የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ማሲንቆ የሚባል ድምፅ ውስጡ አልነበረም። ቫዮሊኑን ይዤ፣ ልስላሴውን ቀንሼ፣ ትንሽ አሻክሬ ራሴ አበጀሁት። ጊታር ላይ ክሩን በጣት ገፋ አድርጎ ድምፁን ማንሸራተት ስለሚቻል፣ ኪቦርድ ላይ የሚያስቸግረው ያ የማሲንቆ ለቅሶ እዚህ ላይ ይገኛል፤ በተለይ በትዝታና በአምባሰል።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የጃፓኑ ሮላንድ የመጀመሪያውን የጊታር ሲንተሳይዘር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። አሮጌውን ዜማ በአዲስ መሣሪያ መጫወትም ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም፤ አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ፒያኖ ጋር አዋህዶ ካሴት ሠርቷል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ክራርን ለማዘመን ደክሟል።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። ለማስቀየሪያ ያወጣሁትን ገንዘብ ዋጋው ላይ አልደመርኩም። እናንተም ባትደምሩ እመክራለሁ፤ የተጨመረው ነገር ዋጋ የሚኖረው ሊጠቀምበት ለሚችል ሰው ብቻ ነውና። ለሌላው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ታዲያ አልደበቅሁትም፤ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት የመጀመሪያው ፎቶ 13 እግሩ ሶኬት የገባበት እንጨት በቅርበት የሚታይበት ነበር።

አንዱ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ፒክአፑን ንቀለውና ጊታሩን ብቻ ልውሰድ» አለኝ። ሌላው የጠየቅሁትን ሲሶ ሰጠኝ። ነጣጥሎ መሸጥ አንዳንዴ ያዋጣል፤ ፒክአፑ ከላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ እንጨቱ ሳይጎዳ ይነቀላል። የእኔው ተፈልፍሎ የገባ ስለሆነ ቢነቀል የሚተርፈው ጉድጓድ ነው። ባለቤቴ ሲሶውን ስትሰማ ሳቀች እንጂ ተቀበል አላለችኝም።

ሦስተኛው እዚሁ ከተማችን ሠርግ ላይ የሚጫወት ወጣት ነው። ቤት መጥቶ ገና ቡና ሳይቀርብ መብራት ሄደ። ያለ መብራት ሳጥኑ ድንጋይ ነው። ወጣቱ ግን ጊዜውን አላባከነም፤ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንገቱ መጣመም አለመጣመሙን አየ፣ ብረቶቹ መበላታቸውን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እስከ ላይ ድረስ ተጫወተ። አሮጌ ጊታር የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፤ የተጣመመ አንገትን የትኛውም ኤሌክትሮኒክስ አይክሰውም።

መብራት ሲመጣ ማሲንቆውን ከፈትኩለት። ወፍራሙን ክር መታና «ጋሼ፣ ይዘገያል እንዴ?» አለኝ። ይዘገያል። ያ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ሳጥኑ ኖታውን ለመለየት ቢያንስ አንድ ሙሉ ርግብግቢት መጠበቅ አለበት፤ ቀጭኑ ክር ግን አራት እጥፍ ስለሚፈጥን ቶሎ ይታወቃል። ይህን ስነግረው ወዲያው ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ወረደ፣ አመታቱንም አጠራ። እኔ ይህንኑ ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

«ሳጥኑ ቢበላሽስ?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አምራቹ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወደ ሌላ ዓይነት ኬብል ዞሯል፤ ባለ 13 እግሩን ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ መለወጫ ግን አብሮ አውጥቷል። ይህንንም፣ ኬብሉ መታጠፍ እንደማይወድም አልሸሸግሁትም።

በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም። ከጠየቅሁት ትንሽ ቀነስኩ፤ ግማሹን በዕለቱ፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሠርጎች ሊከፍል ተስማማን፤ ባለቤቴ ወረቀት አምጥታ አጻፈችን። ከመውሰዱ በፊት በነበረው ሌሊት በስልኬ አንድ ትዝታ ቀርጬላት ነበር። አዳመጠችና «አባባን አይመስልም» አለች። ከዚያ ደግማ ከፈተችው።

ቀሪው ክፍያ በቃሉ መሠረት ገባ፤ ላፕቶፑም ተገዛ። ባለፈው ቅዳሜ ወጣቱ ከሠርግ ቤት ደወለልኝ፤ ከበስተጀርባው እስክስታው ደርቷል። «ጋሼ፣ ያቺ ‹አባባ› ብለው የሰየሟት ድምፅ ስንተኛው ቁጥር ላይ ናት?»

37 ላይ ናት አልኩት።