የሰኔ 30 ቡድን

ሰኔ 30 የመንግሥት የበጀት ዓመት ይዘጋል። በኢትዮጵያ እግር ኳስ የተጫዋቾችና የአሰልጣኞች ውል በልማድ የሚያበቃውም በዚሁ ቀን ነው። ሐምሌ ሲገባ አዲስ በጀት ይመጣል፤ ከበጀቱ ጋር አዲስ ቡድን ይገዛል። «እገሌ ፈረመ»፣ «እገሌ ውሉን አራዘመ»፣ «ክለቡ ከአሰልጣኙ ጋር ተለያየ» የሚሉ ዜናዎች ክረምቱን ሙሉ ይዘንባሉ። ደጋፊው ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ይከራከራል። ገንዘቡ የማን ነው፣ የተገዛውስ ቡድን ስንት ዓመት ያገለግላል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ሐምሌን የሚያውቀው በጤፍ ነው። በቢቸና ዙሪያ ገበሬው ደጋግሞ ያረሰውን ማሳ በከብት አስረግጦ ይዘራል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆች ከሥራ ሲተርፉ በጭቃው ላይ ኳስ ያሳድዳሉ። ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የኳስ ሜዳ የሌለው ከተማ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትልልቆቹ ክለቦች በዚሁ ወር ተጫዋች ፍለጋ ስልክ ሲደዋወሉ ከእነዚህ ሜዳዎች ለአንዱ የሚደውል አለ ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ክለቦቹ የማን እንደሆኑ ማስታወስ ይበጃል። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደሮችና የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ከቲኬት፣ ከማሊያና ከስፖንሰር የሚያገኙት ወጪያቸውን ስለማይሸፍን ጉድለቱ በሕዝብ ገንዘብ ይሞላል። ለዓመት የተመደበ ገንዘብ ደግሞ በዓመቱ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ቦርዱ አሰልጣኝ የሚቀጥረው የዓመት ውጤት እንዲያመጣለት ነው። አሰልጣኙም የዓመት ጊዜ እንዳለው ስለሚያውቅ የ17 ዓመት ልጅ አያሳድግም፤ የሚያውቃቸውን የደረሱ ተጫዋቾች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ውጤት ሲጠፋ አሰልጣኙ ይሰናበታል፤ የሚተካው ሌላ ዝርዝር ይዞ ይገባል። ክለቡ የሁለት ሰው ዝርዝር ተሸክሞ ይቀራል።

በዚህ ውስጥ ተጫዋቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው። ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በሊጉ የተለመደ ቅሬታ በሆነበት አገር፣ የፊርማ ክፍያውን በቅድሚያ ልቀበል የሚል ተጫዋች ራሱን እየጠበቀ እንጂ እየሰረቀ አይደለም። ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነፃ የመሄድ መብትም ዓለም በቀላሉ የሰጠው አይደለም። ቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ውሉ አልቆ ሳለ ክለቡ አልለቅም ስላለው ፍርድ ቤት ተሟግቶ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። መብቱ መልካም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ክለቡ በየዓመቱ ነፃ ተጫዋች ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ሲቀር ነው።

ለዚህ የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ከበቂ በላይ ምስክር ነው። ጅማ በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምር ውጤት ተሰናበተ። አሰልጣኙ ግን በዚያን ጊዜ መቐለ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ለመቐለ 70 እንደርታ አነሣው። ከዓመታት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን አደረገ። አንድ ሰው ሦስት ክለቦችን ለዋንጫ ማብቃቱ የሚያስመሰግነው ነው። ለክለቦቹ ግን ከባድ ጥያቄ ይጥላል፦ አሰልጣኙ ሲሄድ ለክለቡ ምን ይቀራል? ጅማ ሻምፒዮን በሆነ በአራት ዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። እውቀቱ በአሰልጣኙ ጭንቅላት፣ ጉልበቱም በውል ተጫዋቾች እግር ላይ ነበር፤ ሁለቱም ሲሄዱ ጅማ የሚተካበት አላዘጋጀም።

ሕንፃም ይህን አይፈታም። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲን ስም የተሰየመ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀላት። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቡድኗ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ዛሬም የወልድያ ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን የመጡበት ዓመት ሲያልቅ ተበተኑ።

ክለቦቹ ችግሩን አላዩትም ማለት አይቻልም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ከፌዴሬሽኑ ጋር ተቀምጠው የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ስምምነቱ ብዙ አልቆየም፤ በበር የተከለከለው ገንዘብ በመስኮት ገባ ሲባል ነው የተሰማው። ጣሪያው ቢጠበቅም እንኳ ያንኑ ተጫዋች በርካሽ ለመግዛት ይረዳ ነበር እንጂ አዲስ ተጫዋች አያፈራም ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሞጣ እንመለስ። አንድ የሞጣ ታዳጊ አለ እንበል። የሰፈሩ የፕሮጀክት አሰልጣኝ ያለ ክፍያ ለስድስት ዓመት አሠልጥኖታል፤ ኳስ የገዛው ከኪሱ ነው። ልጁ 18 ሲሞላው በዘመድ በኩል ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ለሙከራ ቀርቦ አንድ ክለብ ያስፈርመዋል። ለአሠልጣኙ የሚደርሰው ምንድን ነው? ምስጋና፣ እሱም ልጁ ካስታወሰ። ፊፋ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በዝውውር ገንዘብ ከአገር አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ደንግጓል። ብሔራዊ ፌዴሬሽኖችም በአገር ውስጥ ታዳጊ የሚያሳድጉ ክለቦች የሚካሱበትን ሥርዓት እንዲያበጁ ያዛል። ገበያው በሙሉ ውላቸው ባለቀ ተጫዋቾች ላይ ሲቆም ግን የዝውውር ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ልጅ ማሳደግ ለማንም ካልከፈለ ማንም አያሳድግም። ቢቸና እና ሞጣ ከሊጉ የራቁት ልጅ አጥተው አይደለም። ልጃቸውን የሚጠይቅ፣ ሲያገኝም ለአሳዳጊው የሚከፍል አጥተው ነው።

የሚቃወም ሰው ጦርነቱስ ይላል። ትክክል ነው። ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው መሪነት ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ ለኮንፌዴሬሽን ካፕም አለፈ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ነሐሴ ቡድኑ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት አሸንፎ አለፈ፤ በቀጣዩ ዙር በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸነፈ። የከተማው ቡድን በታሪኩ ከፍ ባለበት በዚያ ወቅት የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ የሞጣ ደጋፊ ውጤቱን የሚሰማው ከሬዲዮ ወይም ከመንገደኛ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መልማይ ወደ ቢቸና ይሂድ ማለት ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ልማዱ ከጦርነቱ በፊትም ነበረ፤ መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜም የሰኔ 30 አሠራር ያው ነበር። ሰላም ሲመጣ በራሱ አይታረምም።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ቡድኑ ከወረደ ምን ይጠቅማል? ደጋፊ ነገ የሚደርስ ልጅን ታግሶ አይጠብቅም። እዚህ ላይ የስፔኑን አትሌቲክ ቢልባኦ ማየት ይጠቅማል። ክለቡ የሚያጫውተው የባስክ አካባቢ ተወላጆችን ወይም እዚያ ያደጉትን ብቻ ነው። ምርጫው እጁን አስሮበታል፤ ነገር ግን በየመንደሩ ያለውን ልጅ እንዲያውቅ አስገድዶታል። ከሪያል ማድሪድና ከባርሴሎና ጋር ከላሊጋ ወርደው ከማያውቁ ሦስት ክለቦች አንዱ ነው። ማንም የኢትዮጵያን ክለብ በዘር ወይም በአካባቢ ይወሰን አይልም፤ እንዲያ ያለ ነገር ለዚህ አገር ኳስ መርዝ ነው። የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፦ በራስ ያሳደጉት ልጅ ሰኔ 30 ሲመጣ እንደ እንግዳ ሻንጣውን አያነሣም።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ለአንድ የውጭ አገር ተጫዋች ፊርማ የሚወጣው በየዞኑ ለሚገኙ የፕሮጀክት አሠልጣኞች አበል ቢሆን ብዙ ይሠራል። አሰልጣኝ ሲቀጠር ውሉ ሦስት ዓመት ይሁን፤ ከደረጃው ሌላ ከታዳጊው ስንት አሳደግህ የሚል ግዴታም ይግባበት። ከወረዳ የመጣ ልጅ ሲፈርም ላሳደገው ቡድን የሚከፈል ቁርጥ ገንዘብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ደግሞ ስንተኛ ወጣችሁ ብሎ ብቻ አይለፍ።

የክለብ ቦርዶች በመጪው ሐምሌ ለአዲስ አሰልጣኝ ውል ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ቢጠይቁት ይበቃል፦ ሞጣ ውስጥ ልጆችን በየቀኑ የሚያሠለጥነው ሰው ማን ይባላል? ስሙን የሚያውቅ አሰልጣኝ ከተገኘ የሦስት ዓመት ውል ይገባዋል። ካላወቀም ቦርዱ ያንን ሰው ፈልጎ እንዲያገኝ የመጀመሪያ ሥራ አድርጎ ይስጠው፤ መንገዱ በተከፈተበት ቀን።