ሁለት ቁልፍ

የእኔ ጠመንጃ ሲሞኖቭ ነው። ስሙን ያገኘው ከነደፈው የሶቪየት መሐንዲስ ከሰርጌይ ሲሞኖቭ ሲሆን፣ የሶቪየት ጦር በይፋ የታጠቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። አባቴ በደርግ ዘመን ሚሊሺያ ሆነው ሲዘምቱ ያዙት፤ ሲያርፉ ለእኔ ተረፈ። ዛሬ በስሜ ተመዝግቦ ፈቃድ አለው። ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፣ 10 ጥይት ይጎርሳል፣ ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። በቆሎ ሲደርስ ማማ ላይ አብሮኝ ያድራል፤ ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር አብሮኝ ይወጣል። ጭቃም አቧራም ብዙ አያስቸግረውም። በታማኝነቱ አላማውም። ልጆች የሚመላለሱበት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል።

ልጅ ሳለሁ በቤታችን የነበረው ምንሽር ነበር። በምንሽር አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ መዝጊያውን በእጅ አንስቶ፣ ወደ ኋላ ስቦ፣ መልሶ ካልገፉት ሁለተኛው አይወጣም። ለእያንዳንዱ ጥይት ሰው ማሰብ ነበረበት። ሲሞኖቭ እንዲህ አይደለም። የተተኮሰው ጥይት ጋዝ ራሱ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሁ ይወረወራል፤ ቀጣዩ ጥይት ማንም ሳያዘው ቦታውን ይይዛል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተኩሶ የደነገጠ ልጅ እጅ ላይ የሚቀረው ባዶ ብረት ሳይሆን እንደገና የተቀባበለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ የብዙ ቤት ልማድ ግን በምንሽር ዘመን እንደነበረው ቀረ። አሁንም ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ «ባዶ ነው» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

«ባዶ ነው» የምትለዋን ቃል እፈራታለሁ። የሲሞኖቭ ካዝና እንደ ክላሽ ተነቅሎ አይወጣም፤ ከሥሩ ተከፍቶ ጥይቱ ይዘረገፋል። ያን ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በርሜሉ ጉሮሮ ውስጥ ግን አንዲት ጥይት ልትቀር ትችላለች። ካዝናውን ባዶ ማድረግና ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ አንድ አይደሉም። እኔ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሬ፣ ካዝናውን ከከፈትኩ በኋላ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቤ ጉሮሮውን በዓይኔ አያለሁ፤ ከዚያ በጣቴ እዳስሳለሁ። ሴፍቲ የሚሉት የቃታ መቆለፊያም ከቃታው ኋላ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ የሕፃን ጣት ልታንቀሳቅሳት ትችላለች። መዶሻ የሚመታው የውስጡ መርፌ በቅባትና በቆሻሻ ከተያዘ ደግሞ፣ ማንም ቃታ ሳይነካ መዝጊያው ሲዘጋ ጥይት ሊፈነዳ ይችላል። ከዝናብ በኋላ ፈትቼ የምወለውለው እንዲያምር ብቻ አይደለም።

ምሰሶው ላይ አሁን የሚሰቀለው ጋቢዬ ነው። ጠመንጃው በወፍራም ጣውላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ጥይቱ በሌላ ክፍል በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። የጠመንጃው ቁልፍ እኔ ጋ፣ የጥይቱ ቁልፍ ባለቤቴ ጋ ነው። አንድ ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ሌባ ሲመጣ ሚስትህን ቁልፍ ስትለምን ሊያገኝህ ነው!» አለኝ። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሰላም ካላደረ ሰው እጁን ባዶ ማድረግ ይፈራል። እኔም እፈራለሁ። ግን አስቤ የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ሌባው ይመጣ ይሆናል፤ የልጅ ልጆቼ ግን በየክረምቱ በእርግጥ ይመጣሉ።»

ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። ጠመንጃ የትም ቤት ካያችሁ አትንኩ፣ ከዚያ ራቁ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ። የሰባት ዓመቷ ቃል በቃል ትደግመዋለች። የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ በቃሉ ከደገመ በኋላ ዓይኑ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲያው ነበርኩ። ልጅ ምክር ይረሳል፤ ቁልፍ ግን አይረሳም።

አምና የዘመድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «የአባትህ ጠመንጃ ዛሬ አፍ የለውም እንዴ?» ብለው በሰው ፊት ጠየቁኝ። ወጣቶቹ ወደ ሰማይ እየተኮሱ ነበር። «አፍ አለው አባቴ፤ የተፋው የት እንደሚያርፍ ግን አያውቅም» አልኳቸው። የሲሞኖቭ ማነጣጠሪያ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ወደ ላይ የወጣ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል። የሚወርድበት ቦታ ልጅ የሚጫወትበት ደጅ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ዝም አሉ። እስከ ማታ አላናገሩኝም። መከበር የሚፈልግ ሰው ይህን መቻል አለበት።

ልጄ ልጆቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትልክ ስትል ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር። ስለ ከብቱ፣ ስለ እናቷ ወገብ ከጠየቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ጠመንጃው የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። አፍራ ነው የጠየቀችው። በእኛ አካባቢ አባትን ስለ ጠመንጃው መጠየቅ ወንድነቱን እንደ መጠራጠር ይቆጠራል። እኔ ግን ኮራሁባት። እናት እንዲህ ናት።

ልጆቻችሁን ወደ ገጠር የምትልኩ ወላጆች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጠመንጃው የት ነው? ጥይቱስ ከእሱ ተለይቷል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ለአያት ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ለሚያድሩበት ለአጎትም፣ ለጎረቤትም ይህ ጥያቄ ይገባል። የምትጠየቁት አያቶችም ጥያቄው እናንተን ስለ መናቅ እንዳልሆነ እወቁ። ቅር የሚለው አይጠፋም። ቅሬታ በአንድ ጀበና ቡና ይሽራል።